በረዶውን አሳይቶ መቅለጡን መደበቅ

በዓለም ዙሪያ ስላለው ውኃና በረዶ የሚተርክ አንድ ዘጋቢ ፊልም ሰሞኑን በቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ ስለ በረዶ ግግሮች፣ ማለትም በየብስ ላይ ተከምሮ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ስለሚንቀሳቀስ በረዶ፣ መመናመን የሚያስረዳው ትረካ ተቆርጦ ወጥቷል። የጣቢያው ኃላፊ የሰጡት ምክንያት ተመልካች በተፈጥሮ ውበት ሊደሰት እንጂ ሊሰበክ አይቀመጥም የሚል ነበር። በዚህ ሳያበቁም፣ በብርጭቆ ውስጥ የሚቀልጥ በረዶ ውኃውን ሞልቶ እንደማያፈስሰው ሁሉ የዋልታ በረዶ መቅለጥም ባሕሩን ከፍ አያደርገውም ሲሉ አከሉበት።

ስለ በረዶ የተሠራ ፊልም ለመቁረጥ ሥልጣን ካለው ሰው እንዲህ ያለ ንግግር መስማት ያሳፍራል። የብርጭቆው ምሳሌ የሚሠራው ቀድሞውኑ ተንሳፍፎ ለሚገኝ በረዶ ብቻ ነው። ግሪንላንድን የሸፈነው የበረዶ ንጣፍ አይንሳፈፍም፤ በየብስ ላይ የተከመረ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ የባሕርን ወለል 7 ሜትር ገደማ ከፍ ያደርገዋል። የሚንሳፈፈው በረዶም ቢሆን በመቅለጡ ጉዳት ያስከትላል፤ ነጩ በረዶ ይመልሰው የነበረውን የፀሐይ ብርሃን ጠቆር ያለው የባሕር ውኃ ስለሚውጠው ሙቀቱ ይብስበታል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቆጣው ግን ጣቢያው ሳይቆርጥ ያስተላለፈው ትዕይንት ነው። የአንድ ግግር ግንባር ተገምሶ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ በረጅሙ አሳይቶናል። መገመስ በራሱ የጥፋት ምልክት አይደለም፤ እስከ ባሕሩ ጠርዝ የደረሰ ጤነኛ ግግርም ይገመሳል። ጉዳዩ ከላይ የሚጥለው አመዳይ ከታች የሚጠፋውን መተካት መቻል አለመቻሉ ነው፤ ይህንን ሚዛን ደግሞ ካሜራ ምንም ያህል ቢራቀቅ በአንድ ትዕይንት ሊያሳየው አይችልም፣ በቃል መነገር አለበት፣ የተቆረጠውም ይኸው ቃል ነው። በአይስላንድ ኦክ የተባለውን ግግር እንውሰድ። በራሱ ክብደት ተገፍቶ መንቀሳቀስ እስኪሳነው ድረስ ስለሳሳ እ.ኤ.አ. በ2014 ግግር መሆኑ አብቅቷል ተባለ፤ በ2019 የመታሰቢያ ሰሌዳ ቆመለት። ከተራራው ጫፍ ላይ የቀረው በረዶ ግን በፎቶግራፍ ሲታይ አሁንም ነጭና ውብ ነው። ያለ ትረካ የተመለከተው ሰው የሞተውን ግግር ከሕያው በምን ይለየዋል? እንዲህ ያለው ውበት ተመልካቹን ያሳስተዋል።

አንዳንድ ተራኪዎች ሐዘኑን ከልክ በላይ እንደሚያበዙት አልክድም፤ መፍትሔው ግን ትረካውን ማረም እንጂ እውነቱን ማውጣት አይደለም። ከምድር ጨው አልባ ውኃ ከሁለት ሦስተኛው በላይ የሚገኘው በበረዶ መልክ ነው፤ የዚህን በረዶ ዕጣ የደበቀ ፊልም ስለ ውኃ ተናግሯል ሊባል አይችልም። ጣቢያው የቆረጠውን ክፍል በዚያው የሥርጭት ሰዓት ሙሉውን ያስተላልፍ፤ ኃላፊውም ስለ ብርጭቆው የተናገሩትን በይፋ ያርሙ።