ይሉኝታ የማያውቅ አስታጣቢ

የሥራ ባልደረባዬ ሰሞኑን ስለ ፔፔ አጫወተችኝ። ፔፔ ሮቦት ነው። አረንጓዴ ነው፣ ቅርጹ እጅ ይመስላል፣ ዓይኖቹም ይንቀሳቀሳሉ። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲና የሕንዱ አምሪታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ዋያናድ ወደሚባል የሕንድ ኬራላ ግዛት አካባቢ ወስደው፣ ከአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የእጅ መታጠቢያ በላይ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ልጆቹ ሲመጡ ያናግራቸዋል፤ እንዴት እንደሚታጠቡም ያሳያቸዋል። የልጆቹ አስተጣጠብ በ40 በመቶ ተሻሻለ። «እኛም ጋ አንድ ቢያቆሙልን» አለች ባልደረባዬ።

የምንሠራው ሜሪላንድ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው። እኔ ረዳት ነርስ ነኝ። እዚህ በየክፍሉ በር ሳኒታይዘር ተሰቅሏል። ስትገባ ታሻለህ፣ ስትወጣ ታሻለህ። ግን የ12 ሰዓት ሥራ ሊያልቅ ሲል፣ ደወሉ ከሦስት ክፍል ሲጮህ፣ ሰው ይረሳል። ጄኔቫ ሆስፒታል እንኳ በ1994 ሲለካ፣ ሠራተኞቹ እጃቸውን ያጸዱት ማጽዳት ከነበረባቸው ጊዜ 48 በመቶውን ብቻ ነበር። ፖስተር ለጥፈው፣ አልኮሉን ታካሚው አልጋ አጠገብ አድርገው፣ በ1997 ወደ 66 በመቶ አደረሱት። ዕውቀት አልጎደላቸውም። የሚያስታውሳቸው ነገር ነበር የጎደለው።

አምና እናቴ ታማ አዲስ አበባ ሄድኩ። ያስተኛናት ክፍል ውስጥ ቧንቧው አለ፣ ውሃው የለም። ሳኒታይዘሩም ባዶ ነው። ጠዋት ሐኪሙ ተማሪዎቻቸውን አስከትለው መጡ። የጎረቤት አልጋ ላይ የተኙትን እናት ቁስል ነኩ፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ እናቴ ዞሩ። ሥራዬ ነው፣ አውቀዋለሁ። አንደበቴ ግን ተያዘ። ለዶክተር እንዴት ተደርጎ «እጅዎን ይታጠቡ» ይባላል? እንደ ስድብ ነው። እናቴ ራሷ «ምን ሆነህ ነው ሰውየውን የምታሳፍረው» ትለኝ ነበር።

ይሄ የኛ ብቻ አይደለም። በ1847 ቪየና ላይ ሰመልዋይስ የሚባል ሐኪም፣ ሬሳ መርምረው ወደ ማዋለጃ ክፍል የሚመጡ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን እንዲታጠቡ አዘዘ። 18 በመቶ ገደማ ደርሶ የነበረው የወላዶች ሞት በወራት ውስጥ ወደ 2 በመቶ አካባቢ ወረደ። እንዲህም ሆኖ ብዙ ሐኪሞች ተቀየሙት። እጃችሁ ገዳይ ነው ያላቸው መሰላቸው።

ሮቦቱን የወደድኩት ለዚህ ነው። ይሉኝታ አያውቅም። ለፕሮፌሰሩም፣ ለጽዳት ሠራተኛዋም፣ ብርቱካን ይዞ ለሚመጣው ጠያቂም ያው አንድ ቃል ነው። ለሁሉም ሲባል ደግሞ ማንም አይሰደብም። በኛ አቆጣጠር በ2012 አገር ቤት ኮሮና ሲገባ አይተነዋል። በየሕንፃው በር ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ቆሞ፣ ጥበቃው «ይታጠቡ» ሲል ሚኒስትሩም ታጥቦ ነው የሚገባው። ስልክ ስንደውል እንኳ ከጥሪው በፊት «እጃችሁን ታጠቡ» ነበር የሚለን። ከዚያ በርሜሎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

አገር ቤት ሮቦት ይምጣ አልልም። ፔፔ ያለ ውሃ ምን ያደርጋል? ሳኒታይዘሩን ግን እዚያው መሥራት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ኤታኖል፣ ግሊሰሪን፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ነው። ኤታኖል ከስኳር ፋብሪካዎቻችን፣ ከመተሐራና ከፊንጫ ሲወጣ ኖሯል። በኮሮና ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሳኒታይዘሩን ቀምመው አከፋፍለዋል። አንዴ የሠራነው ነገር ነው።

ሐኪሙ ፊት አንደበቴ በተያዘበት ቀን ማታ ለታናሽ እህቴ ነገርኳት። ምንም አላለችም። በማግስቱ ከቤት በሁለት ሃይላንድ ውሃ፣ ሳሙና፣ ሳህንና ንጹሕ ፎጣ ይዛ መጣች። ሐኪሙ ከጎረቤት አልጋ ቀና ሲሉ ፎጣውን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ፣ እንግዳ እንደሚስተናገድ ጎንበስ አለች።

«ዶክተር፣ ላስታጥብዎት።»

ሐኪሙ አንዴ አዩዋት። እጅጌያቸውን ሰበሰቡና እጃቸውን ዘረጉ። ተማሪዎቹም ከኋላቸው ተሰለፉ።