ምንም አልሆንኩም ለምትሉ ሁሉ

ዛሬ ምስጋና ላቀርብ ነው የተነሣሁት። ጭንቀት ደጁን ሲያንኳኳ "ቤት ውስጥ ሰው የለም!" ብሎ ከውስጥ የሚመልሰውን ጀግና ሁሉ ላመሰግን። ታውቁታላችሁ። እንቅልፍ ካጣ ሳምንት አልፎታል። ጥፍሩን በልቶ ጨርሶ ወደ እስክሪብቶው ክዳን ተሻግሯል። "ምን ሆነህ ነው?" ስትሉት ግን "እኔ? ኧረ ምንም አልሆንኩም!" ይላችኋል። ያውም እየጮኸ።

ይህን እንደ ቀላል ነገር የሚያዩ አሉ። ተሳስተዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። የዚህ ጀግና ሆድ ግን ጭራሽ እንዳያውቅ የሠለጠነ ነው።

ለዚህ ራስን የማታለል ጥበብ "መከላከያ" የሚል ስም የወጣለት ቪየና ላይ ነው። የአእምሮ ነገር ሐኪሙ ሲግመንድ ፍሮይድ በፈረንጆቹ 1894 አእምሮ የማይችለውን ሐሳብ እንዴት አድርጎ ከበር እንደሚመልስ ጻፉ። ልጃቸው አና ደግሞ በ1936 ስልቶቹን ከያሉበት ለቃቅማ በመጽሐፍ አወጣችና ለአባቷ 80ኛ ልደት ስጦታ አደረገችው። ሌላው ሰው ለአባቱ ካልሲ ይገዛል። እሷ ሰው ራሱን የሚያታልልበትን ዘዴ አሰናድታ ሰጠቻቸው።

አባትየውም ስጦታው የሚገባቸው ሰው ነበሩ። በ1923 አፋቸው ውስጥ ካንሰር ተገኘ። ማጨስ ይቅርብዎ ተባሉ። ከዚያ በኋላ በኖሩባቸው 16 ዓመታት ከ30 ጊዜ በላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሲጋራቸውን ግን አልተዉም። ያለ እሱ ሥራ አይገፋልኝም ባይ ነበሩ። የሰውን ልጅ መሸሻ በር ሁሉ አንድ በአንድ የቆጠሩት ሰው በራሳቸው በር ጭስ እያጨሱ ወጡ። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ለምን እንደሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ እኛ ባለሙያዎች። ከሁሉ አስበልጬ የማደንቀው ንዴትን አሳልፎ የመስጠት ጥበባችንን ነው። አለቃህ ሰው ፊት ያዋርድሃል። "እሺ፣ አስተካክላለሁ" ትላለህ። ፈገግም ትላለህ። ንዴቱ ግን አይባክንም! ተጠቅልሎ ቤት ይገባል። ሚስትህ "ምነው ዘገየህ?" ስትል እዚያ ይፈታል። "አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ጥያቄ!" እሷ ለትልቁ ልጅ ታቀብለዋለች። ጫማው መሐል ቤት ምን ይሠራል? ትልቁ ለትንሹ። ትንሹ ከሱ በታች ማንም ስለሌለ በሩን በእርግጫ ይለዋል። አለቃው በዚህ ሰዓት እራቱን በልቶ በሰላም ተኝቷል። አንዲት ጠብታ የማይንጠባጠብበት እንዲህ ያለ መስመር የትኛው መሐንዲስ ዘርግቶ ያውቃል? ሐኪሞቹ ብዙ ገጽ ጻፉበት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ያለው ሰው ግን በሦስት ቃል ጨርሶታል።

የራስን ጉድ ሰው ላይ መለጠፍም ክብር ይገባዋል። ሌባ እናት ልጇን አታምንም። ቀናተኛው "ሰዉ ሁሉ ይቀናብኛል" ይላል። ስብሰባውን ብቻውን አውርቶ የጨረሰው ሰው "የእኛ ችግር መደማመጥ አለመቻላችን ነው" ብሎ ይዘጋል። እንዴት ያለ ቁጠባ ነው! ጎረቤት እያለ መስታወት ለምን ይገዛል?

ምክንያት መደርደር ደግሞ አለ። ስሙን በ1908 ያወጣለት የፍሮይድ ደቀ መዝሙር ኧርነስት ጆንስ ነው። ሙያው ግን የቆየ ነው፤ ወይኑ ከፍ ሲልባት "ድሮም ጎምዛዛ ነው" ብላ የሄደችውን ቀበሮ ጠይቁ። ሥራው ለሌላ ተሰጠብን? "መጀመሪያም አልፈለግኩትም፤ ለልምምድ ብዬ ነው ያመለከትኩት።" ፈተና ወደቅን? "ጥያቄው የተዘጋጀው ለሽምደዳ ነው።" ሁሉም ምክንያት ሲያልቅ "ለበጎ ነው" አለች። ይቺን ቃል እጅግ አከብራታለሁ። የማትደፍነው ቀዳዳ የለም። አንድ ወዳጄ ስልኩ በተሰረቀ ማግስት ለበጎ ነው አለኝ። በወሩ አዲሱንም ወሰዱበት። አሁንም ለበጎ ነው አለ። ከሌባው አንጻር ካየነው እውነቱን ነው።

ስለ ሆድ ይፍጀው ብዙ አልልም። ባለቤቶቹም ብዙ አይሉም። የሚጠሉትን ሰው "የኔ ማር" እያሉ ጉንጩን የሚጨርሱትንም፣ በአርባ ዓመታቸው ተቆጥተው በር ዘግተው የሚያኮርፉትንም በጅምላ አመሰግናለሁ።

አክሊሉን የምደፋው ግን ስለነዚህ መከላከያዎች ላነበቡት ነው። እነዚህ አዲስ መደብ ናቸው። አይናደዱም፣ "ትሪገር" ይሆናሉ። አይጣሉም፣ "ድንበር" ያበጃሉ። አንዱን "ትናንት ሰው ፊት ሰድበኸኛልና ይቅርታ በለኝ" ብትሉት ስለ ልጅነቱ፣ ስለ አባቱ ዝምታ፣ ስለ መከላከያ ስልቱ አመጣጥ አርባ ደቂቃ ያስረዳችኋል። ደስ የሚል ማብራሪያ ነው። ማስታወሻ ሁሉ ትይዛላችሁ። ቤት ስትደርሱ ትዝ ይላችኋል፤ ለካ ይቅርታው አልመጣም። ስሜቱን ከመቅመስ ስለ ስሜቱ ሌክቸር መስጠት ራሱ አንድ መከላከያ መሆኑን ያውቃል ወይ? እንዴታ! እሱንም ጨምሮ ያስረዳችኋል።

እኔስ? እኔ ከነሱ ከፍ እላለሁ። ጆርጅ ቫያንት የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሃርቫርድ ውስጥ በ1938 የተጀመረ፣ ወንዶችን ዕድሜ ልካቸውን የሚከታተል ጥናት ተረክበው ለዓመታት መርተዋል። ስልቶቹንም ከጥሬው እስከ በሰለው በአራት ደረጃ መደቧቸው። ሰው ላይ መለጠፍ ከታችኞቹ ነው። ከላይ ከተቀመጡት አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቀልድ! ይህን የምታነቡትን ጽሑፍ በየትኛው ደረጃ እንደምትመድቡት ለእናንተ ትቼዋለሁ። ብቻ ጥሬ እንዳትሉኝ።

የፍሮይድ ሲጋራ ለምን ደስ እንዳሰኘኝ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። ከ11 ቀን በፊት የምርመራ ውጤቴ በታሸገ ፖስታ ተሰጠኝ። "ለሐኪምህ አሳየው" ተባልኩ። አላሳየሁትም። አልከፈትኩትምም። ፈርቼ አይደለም፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ደግሞ ከባድ ነገር ቢሆን ኖሮ ይደውሉልኝ ነበር። ስልኬን የማጠፋው ባትሪ ለመቆጠብ ነው።

ፖስታውም ቢሆን ሥራ አልፈታም። ስለነዚሁ መከላከያዎች የማነበው መጽሐፍ ውስጥ ዕልባት አድርጌዋለሁ። መጽሐፉ እንዳለቀ እከፍተዋለሁ። ሊያልቅ ጥቂት ገጾች ቀርተውት ነበር። ትናንት ማታ ግን አንዳንዱ ቦታ በደንብ አልገባኝም መሰለኝና ከመግቢያው እንደ አዲስ ጀመርኩት።