እግሯን እንጂ ዓይኗን ማን ጠየቃት?

ወሎ ውስጥ አንዲት ወጣት «እግሬ ከዳኝ» ብላ ጤና ጣቢያ ብትመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጀርባ አጥንት ቲቢ ነው። ከደላንታ ወይም ከዳውንት ከሆነች ደግሞ ጓያ። ጥርጣሬው መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ድርቅ ሌላውን ሰብል ሲያጠፋው ጓያ ተረፈ፤ ሰውም ያገኘውን በላ። ደላንታ ዳውንት ውስጥ ከ2,000 በላይ ሰዎች እግራቸውን ያዛቸው። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ጓያን ቢያስቀድም አይፈረድበትም።

ችግሩ ብዙ ጊዜ ጥያቄው እዚያው ማብቃቱ ነው። የነርቭን ሽፋን የሚያጠቁ በሽታዎችም እግር ይይዛሉ። ሽፋኑ ማይሊን ይባላል፤ መልእክት በነርቭ ላይ ቶሎ የሚያልፈው በሱ ነው። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ሽፋን ሲመታ መልእክቱ ይዘገያል፣ ሲብስም ይቋረጣል። አንዱ መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው። ሌላው ኒውሮማይላይቲስ ኦፕቲካ ነው፤ ዓይንንና ህብለ ሰረሰርን ለይቶ ይመታል። በርግጥ ይሄኛው ቀድሞ የሚጎዳው ሌላ ሕዋስ ነው፣ ማይሊኑ የሚጎዳው ተከትሎ ነው። ከወንድ ይልቅ ሴትን፣ ከነጭ ይልቅ ጥቁርን ያጠቃል። ስለዚህ ለኛ ሩቅ በሽታ አይደለም።

ከጓያ መለየት ይቻላል፤ ለጅምሩ እንደ ኤምአርአይ ያለ የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳይ ማሽንም አያስፈልግም። ጓያ ሁለቱን እግር ያገትራል። የመዳሰስ ስሜትን ግን እምብዛም አይነካም፣ ዓይን አያጠፋም፣ ከያዘ በኋላም ባለበት ይቆያል። እንግዲህ ባለሙያው ጥጥ ይዞ ከእግር ጣቷ ጀምሮ ወደ ላይ እየነካ ይጠይቃት። «እዚህ ይሰማሻል? እዚህስ?» እምብርቷ ጋ ሲደርስ «አሁን በደንብ ተሰማኝ» ካለች ጓያን ትቶ ህብለ ሰረሰሯን ይጠርጥር። ሽንቷንም ይጠይቅ። ከዚያ ወደ ዓይን ይምጣ፦ «ከዚህ በፊት አንድ ዓይንሽ አሞሽ ጨልሞብሽ ያውቃል?» «ለቀናት አልቆም ያለ ስቅታ ወይም ትውከትስ?» ስቅታ ቀልድ ይመስላል። ግን የኒውሮማይላይቲስ ኦፕቲካ የታወቀ ምልክት ነው። የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቷት ወደ ቤቷ የተመለሰች ስንቷ ትሆን!

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከማሽኑ በላይ ካርዱ ነው። እነዚህ በሽታዎች ያማሉ፣ ጋብ ይላሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በነርቭ ሐኪሙ ማክዶናልድና ባልደረቦቹ የወጣው የመልቲፕል ስክለሮሲስ መመዘኛ ዋናው ሐሳቡ ጉዳቱ በተለያየ ቦታና በተለያየ ጊዜ መድረሱን ማሳየት ነው። የትናንቱ ሕመም ካልታወቀ የዛሬው አይታወቅም ማለት ነው። እኛ ጋ ደግሞ ካርድ ካርድ ክፍል ይቀራል። ዓይኗ ሲጨልም ወልድያ ታከመች እንበል። ከሁለት ዓመት በኋላ እግሯን ሲይዛት ደሴ መጣች፣ አዲስ ካርድ ወጣላት። በመሀል ጸበል ከርማ ወይም ዱዓ ተደርጎላት ተሽሏታል። ጸበሉንም ዱዓውንም አልነቅፍም። በሽታው ራሱ ጋብ የሚልበት ጊዜ ስላለው ቤተሰብ «ዳነች» ቢል አያስገርምም። ሁለቱን ሕመም ገጥሞ ያየ ሰው ግን የለም። ምን ታመመች፣ ምን ታየ፣ ምን ተሰጣት የሚል አንድ ገጽ ወረቀት በእጇ ቢሰጣት ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር።

ኤምአርአይ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ያስፈልጋል። ግን በሬ ተሸጦ፣ ሪፈር ተይዞ፣ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ከመኬዱ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። አንዱ ከወገብ ፈሳሽ ቀድቶ መመርመር ነው። ብዙ ሰው «ወገብ ከተወጋ ሽባ ያደርጋል» ብሎ ይፈራል፤ ቁጭ ብሎ ማስረዳት ይጠይቃል። ሌላው ደም ነው። የኒውሮማይላይቲስ ኦፕቲካን ጠቋሚ ፀረ እንግዳ አካል በደም ማግኘት እንደሚቻል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። የቲቢ አክታ በፖስታ ተጭኖ ላብራቶሪ በሚደርስበት አገር፣ እግሯ የማይታዘዝላት ሴት ከምትንገላታ ደሟ ቢሄድስ? ምርመራው አገር ውስጥ ባይሠራ እንኳ ደም ከሰው ይልቅ በርካሽ ይጓዛል።

ስሙን ለይቶ ማወቅ ለወግ አይደለም። ለመልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሰጡ እንደ ኢንተርፌሮን ያሉ መድኃኒቶች ኒውሮማይላይቲስ ኦፕቲካን ሊያባብሱ ይችላሉ። ፕሬድኒሶሎንና አዛታዮፕሪን ግን የቆዩ፣ በዋጋም ከአዳዲሶቹ በጣም የሚቀሉ መድኃኒቶች ናቸው፤ በተለይ ለኒውሮማይላይቲስ ኦፕቲካ ቀጣዩን ሕመም ለመከላከል ይሰጣሉ። በሌላ በኩል ቲቢ መኖር አለመኖሩን ሳያጣሩ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ የሰውነትን መከላከያ የሚያደክም ስቴሮይድ ማዝነብ ሌላ ጣጣ ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ሪቱክሲማብን ለመልቲፕል ስክለሮሲስ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። ዝርዝሩ ላይ መግባቱ ጥሩ ነው፤ በሽተኛው ካልተለየ ግን ማን ሊወስደው?

«ለዚህ ብርቅ በሽታ ይህ ሁሉ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ እኛ ጋ ወባም ቲቢም አለ። ግን የጠየቅኩት አዲስ ሕንፃ አይደለም። በእጅ የሚሰጠው ወረቀት ለሚጥል በሽታም ለስኳርም ታማሚ ይሠራል። የደም ናሙናውን የሚወስደው መኪና አሁንም ይመላለሳል። ጥጡ ደግሞ ቁስል በሚታጠብበት ክፍል ሁሉ አለ።