አፕዴቱ መጣ፣ ሥራችን ቆመ

ኧረ የሰው ያለህ! ደብረ ብርሃን ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ይዘን የምንሠራ ሰዎች ምን እናድርግ? ኮምፒውተሩ ላይ ዊንዶውስ 11 ከተጫነ ወዲህ የድሮው የሂሳብ ፕሮግራም አልጫን ብሏል። የደንበኞቻችን የዓመታት መዝገብ ያለው በእሱ ነው!

የሚመክረን ሁሉ «ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ» ይላል። ይኼ ፕሮግራሙ በድሮው ዊንዶውስ ላይ ያለ እንዲመስለው የሚያደርግ ምርጫ የሚረዳው ለአንዳንድ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች ነው። ለ16 ቢት፣ ማለትም ከእነዚያም ለቆዩት ፕሮግራሞች፣ ግን ምንም አይፈይድም። ዊንዶውስ 11 የሚመጣው በ64 ቢት ብቻ ነው፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ 16 ቢትን አያስነሳም። የሚያናድደው፣ ፕሮግራሙ 32 ቢት ሆኖ መጫኛው ብቻ 16 ቢት የሚሆንበት ጊዜ አለ። እንደኛው ማለት ነው።

«ቨርችዋል ማሽን ላይ (ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር በሚሠራ ፕሮግራም) የድሮውን ዊንዶውስ ጫኑ» ይባላል። በ4 ጊጋባይት ራም? ኮምፒውተራችን እኮ ራሱን የሚችለው በግድ ነው።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ለደኅንነት ሲባል መቀየሩ ይገባኛል። እኔን የሚያቃጥለኝ ፕሮግራሙን የሸጠልን ሰው ነው። ዛሬ ስልክ አያነሳም። ቢያንስ መዝገባችንን ወደ ኤክሴል የምናወጣበት መንገድ አብሮ መስጠት አልነበረበትም?