«ሁሉን እሠራለሁ» ማለት ይቅርብን

የጅማ ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ ቅር ቢላችሁም ስሙኝ። ከተማችን «ሁሉን እሠራለሁ» በሚል ሰው ተሞልታለች። ጠዋት ሞባይል ይጠግናል፣ ከሰዓት በኋላ የቤት ኤሌክትሪክ ይዘረጋል፣ የቡና ለቀማ ሲደርስ ደግሞ ነጋዴ ነው። እኛም «ጎበዝ፣ እጁ የማይገባበት የለም» ብለን እናሞግሰዋለን። የዘረጋው ሽቦ ቤት ያቃጠለ ቀን ግን ማን ሊጠየቅ ነው?

ገበሬውን ምሳሌ አድርጋችሁ እንዳትሞግቱኝ። እውነት ነው፣ የገጠሩ ወገናችን ቡና ይተክላል፣ በቆሎ ይዘራል፣ ቀፎ ይሰቅላል፣ ላም ያልባል። አንዱ ቢከዳው ሌላው እንዲያጎርሰው ነውና ብልህነት ነው። ግን እሱ ቢሳሳት የሚጎድለው የራሱ ጎተራ ነው። እኛ ያልጨረስነውን ሙያ ለሰው እየሸጥን ኪሳራውን ገዢው ላይ እንጥላለን። ይህ ነውር ነው!

ቡናውን ራሱን እዩት። «ማድረቅ ምን አለው፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው» የሚል ሰው እሸቱን የቡና ማስጫ አልጋው ላይ ይከምረዋል። ከሥር ያለው ታፍኖ ይሻግታል፤ የዓመት ልፋት በጥቂት ቀናት ይበላሻል። ሥራውን የሚያውቅ ቀዩን ብቻ ያስለቅማል፣ በስሱ ያሰጣል፣ ቀኑን ሙሉ ደጋግሞ ያገላብጣል፣ ማታ ከጤዛ ይሸፍነዋል። ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ ጨብጦ ሲያንቀጫቅጨው ከድምፁ መድረቅ አለመድረቁን ይለያል። ይህ በአንድ ወቅት የሚለመድ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ ታይቶ ፍሬውን ዛፉ ላይ እንዳለ ሲያጠቁር ማን ደረሰልን? እዚሁ አጠገባችን መልኮ ባለው የግብርና ምርምር ማዕከል ቡናን ብቻ የሙጥኝ ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው። ዛፍ በዛፍ እየፈተሹ በሽታውን የሚቋቋመውን መረጡ። ገበሬው ዛሬም በቁጥር የሚጠራቸው የቡና ዝርያዎች፣ 74110 እና 74112፣ የዚያ ልፋት ፍሬ ናቸው፤ መነሻቸው 74 እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። ከብዙ ሥራ ጥቂት ጥቂት የሚያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን የሚያደርግ ትዕግሥት ከየት ያመጣ ነበር?

አንድ ሙያ መያዝ ግን ዙሪያን አለማየት አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ሐኪሙ፣ ነርሱ፣ ፋርማሲስቱና የላቦራቶሪ ባለሙያው በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጣሉ። ሐኪሙ የላቦራቶሪውን ሥራ አይሠራም፤ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ግን ያውቃል። የጎረቤትን ሙያ በዚህ ልክ ማወቅ ይበቃል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ አናጺ ዘንድ ጥቂት ወራት ሠርቶ ሲሰለች «ተወው፣ ሌላ ሞክር» አትበሉት። መሰልቸቱ ገና መጀመሪያው ላይ ስላለ ነው። ወጣቶች፣ የማታውቁት ሥራ ሲመጣ «ይህ የእኔ አይደለም፣ እገሌ ዘንድ ይሂዱ» በሉ። ኪራይ እንዳለባችሁ፣ ቤተሰብ እንደምትረዱ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የሰው ቤትና ንብረት መለማመጃ አይደለም። ደንበኞችም ብንሆን ዋጋ ስለቀነሰ ብቻ ሰው አንቅጠር። ሙያውን ከማን እንደተማረ እንጠይቀው፣ ከዚህ በፊት የሠራውን ሄደን እንይ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ እንነጋገር።