ሀዋሳ መንገድ ከማስፋቷ በፊት ለባጃጅ መቆሚያ ትሥራ

ሀዋሳ ውስጥ የመንገድ መጨናነቅ በተነሳ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ መንገዱ ይስፋ። እኔ ግን መጀመሪያ ያለንን መንገድ በአግባቡ እንጠቀምበት ባይ ነኝ። ይህን የምለው በስሜት አይደለም፤ ስሌት አለው።

የአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ በ1964 እ.ኤ.አ. ያወጣው አንድ ቀመር አለ። የከተማ ትራንስፖርት ዕቅድ የሚሠሩ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። በሰዓት መንገዱን የሚፈልገውን የተሽከርካሪ ብዛት ለመንገዱ አቅም እናካፍላለን። ውጤቱን ወደ አራተኛ ርቢ ከፍ አድርገን በ0.15 እናባዛለን። የሚመጣው ቁጥር መንገዱ ጭር ሲል የሚወስደው ጊዜ ስንት እጁ እንደሚጨመርበት ይነግረናል።

ጭር ባለ ሰዓት 10 ደቂቃ የሚወስድ መንገድ እንውሰድ። የአቅሙን ሦስት አራተኛ ሲይዝ ጉዞው 10 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይሆናል። ማንም ልብ አይለውም። አሁን ከሁለቱ ረድፎች አንዱ ይዘጋ። የተሽከርካሪው ብዛት ያው ነው፤ አቅሙ ግን በግማሽ ወረደ። ያው ጉዞ ከ17 ደቂቃ በላይ ይፈጃል።

ረድፉን የሚዘጋው ምንድን ነው? ጠዋት አቶቴ አካባቢ ቆም ብሎ ማየት ነው። ተሳፋሪዋ "እዚህ ጋ ወራጅ" ትላለች። ባጃጁ እዚያው አስፋልቱ ላይ ቀጥ ይላል። መቶ ብር ትሰጠዋለች፤ ሾፌሩ ዝርዝር የለውም፤ አጠገቡ የቆመውን ባጃጅ ይጠይቃል። ከኋላ ሚኒባስ ቆሟል፣ ከሚኒባሱ ኋላ አይሱዙ። አይሱዙው አልፎ ለመሄድ ወደ ግራ ሲወጣ ያኛውም ረድፍ ይቆማል። ባጃጁ ከሄደ በኋላም ሰልፉ ቶሎ አይፈታም። ሾፌሩን አልወቅስም። የት ይቁም? ቦታ አልተሠራለትም።

የትራፊክ ቆጠራ ላይ ባጃጅ ብዙ ጊዜ ከአንድ የቤት መኪና ያነሰ ቦታ እንደሚይዝ ተደርጎ ይታሰባል። ሲሄድ ልክ ነው። ሲቆም ግን ረድፉን ሙሉ በሙሉ ይይዛል። ይህን ያልያዘ ስሌት ለሀዋሳ አይሆንም።

ቆጠራው ራሱ ሌላ ወጥመድ አለው። መንገዱ ተዘግቶ መኪናው ሁሉ ሲቆም፣ ቆጣሪው ፊት የሚያልፈው ጥቂት ነው። ወረቀቱ ላይ መንገዱ ባዶ ይመስላል። ስለዚህ ያለፈውን ብቻ ሳይሆን ከኋላ የተሰለፈውንም መቁጠር ያስፈልጋል።

ቀመሩም ቢሆን ጉድለት አለበት። 0.15 እና 4 የሚሉት ቁጥሮች የመጡት ከአሜሪካ ፈጣን አውራ ጎዳናዎች ነው። ከተማ ውስጥ አብዛኛው ጊዜ የሚባክነው መስቀለኛ መንገድና አደባባይ ላይ ነው። ትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ ለሚባክነው ጊዜማ እንግሊዛዊው ዌብስተር ቀደም ብሎ በ1958 እ.ኤ.አ. የራሱን ቀመር አውጥቶለታል። እኔ ያልኩት 17 ደቂቃም አቅጣጫ ያሳያል እንጂ የሀዋሳ ቁጥር አይደለም። የሀዋሳን ቁጥር እዚሁ መለካት አለብን።

መለካቱ ደግሞ ከባድ አይደለም። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስልካቸውን ይዘው ከመናኸሪያ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አቶቴ በተለያየ ሰዓት ቢመላለሱ ጥሩ መነሻ ይገኛል። ገብርኤል የሚነግሥባቸው ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለብቻ ይያዙ፤ የአዘቦቱን ቀን አይወክሉም። አማካዩ ብቻም አይበቃም። ሠራተኛውን የሚያስረፍደው አንድ ቀን 10፣ ሌላ ቀን 25 ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ ነው፤ የትኛው ቀን እንደሚገጥመው አያውቅም።

ከዚያ አንድ መንገድ ይመረጥ። ከአስፋልቱ ገባ ያለ የባጃጅና የሚኒባስ መቆሚያ ይሠራበት፤ ተራ አስከባሪዎቹም እዚያው ያስተናግዱ። ከሥራው በፊት የተለካው ከሥራው በኋላም ይለካ፤ ውጤቱም ለነዋሪው ይነገር። መንገድ ማስፋት ማለት የሰው ቤትና ሱቅ ማፍረስ፣ ካሳ መክፈል፣ ለወራት አቧራ ውስጥ መኖር ነው። መቆሚያው ተሠርቶ፣ ተለክቶ፣ አሁንም መንገዱ ካልበቃ መስፋቱን እኔም እደግፋለሁ።