ላንተ ምን አላት!

ሰሞኑን አንዲት የሰፈራችን እናት የልጃቸውን የሠርግ መጥሪያ ጻፍልኝ አሉኝ። ግጥም ያለበት፣ የሁለቱም ወገን ቤተሰብ ስም ማንም ሳይቀየም የሚገባበት። ማተሚያ ቤት የሚሄደው በማግስቱ ነው። ላመነታ ስል ትከሻዬን ቸብ አደረጉና፣ «አንተ እኮ ተሰጥኦ አለህ ልጄ፣ ላንተ ምን አላት!» አሉ።

ይቺ «ላንተ ምን አላት» አናቴ ላይ ትወጣለች። ለታክሲ ረዳት ስትባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ «ሂሳብ» ሲላችሁ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላችሁ ውረዱ! ለባለ ተሰጥኦ ግን ይሠራል። ችሎታውን የሰጠው እግዜር ነዋ። ስለዚህ ሂሳቡም ወደ እሱ ይላካል።

የቆየ ቂምም አለብኝ። ተማሪ ሳለሁ ሥዕል ይችላል ተባልኩ። የባዮሎጂ አስተማሪያችን ጓደኞቼ ኳስ ሲጫወቱ እኔን ያስቀሩኝና የምግብ መፍጫ ሥርዓት ያስሉኛል። ትንሹን አንጀት ካርቶን ላይ በቀይ ስክሪብቶ ሳጠማዝዝ እየመሸ እሄዳለሁ። ጎብኚዎች መጡ፣ ካርቶኑ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከሥሩ «አዘጋጅ» ተብሎ የአስተማሪው ስም! በዚያ ላይ ፈተና ላይ ስለ አንጀት ጠይቀው ማርክ ቀነሱብኝ። እስከ ዛሬ ዱለት ሲቀርብልኝ ትዝ ይለኛል።

ቅር ብሎኝ ለአንድ ዘመዴ ብነግረው «ተው እንጂ፣ ሙያ በልብ ነው» አለኝ። ተረቱን እወደዋለሁ፣ አልዋሽም። ችሎታ ያለው ሰው ዝም ይላል፣ ምንም የሌለውም ዝም ይላል፣ ሁለቱም እኩል ይከበራሉ። ስንቱ ባዶ ልብ ነው ከዚህ ተረት ሥር ተጠልሎ ጡረታ የወጣው!

አበበ ቢቂላን እንኳ አልማርነውም። ጳጉሜ 5 ቀን 1952፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ። እኛ ስለ እግሩ ስናወራ ስልሳ ዓመት አለፈን። «ተፈጥሮ ነው፣ ያደግንበት ነው» እንላለን፣ ልክ እኛም ብንነሳ እንደምንደርስበት። ክብር ዘበኛ ውስጥ ከስዊድናዊው አሠልጣኝ ከኦኒ ኒስካነን ጋር የፈሰሰውን ላብ የሚያነሳ የለም። ቶኪዮ ላይ ሲሮጥ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ ገና ሳምንታት ሆነውት ነበር። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ፣ ክብረ ወሰን ሰብሮ፣ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ይሄም ተፈጥሮ ነው? ላቡን ከቆጠርን እኮ የኛ ስንፍና አብሮ ይቆጠራል። ተሰጥኦ ካልነው ግን ማንም አይጠየቅም።

ድሮማ ይባስ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ፣ የሚጽፈው ጠንቋይ እየተባለ ይሰደባል። ማረሻው ግን ይፈለጋል፣ ኩታውም ይለበሳል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይሄ ስድብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ በአዋጅ የሚጠፋ አልሆነም እንጂ።

መጥሪያውን ጽፌ ሰጠሁ፣ ምን አደርጋለሁ። «ግጥሙ አጠረ» ተባልኩ።

ብልጡስ አዝማሪ ነው። ስማችሁን ጠይቆ፣ ግጥሙን እዚያው ፈጥሮ፣ ብሩ ግንባሩ ላይ እስኪለጠፍ ፊታችሁ ቆሞ ማሲንቆውን ይገዘግዛል። «ላንተ ምን አላት» የሚለው የለም፣ ሁሉም ኪሱን ይዳብሳል። ግን ያ መቶ ብር ለጥፎለት ሲስቅ ያመሸው ሰውዬ፣ የገዛ ልጁ «አባዬ፣ ማሲንቆ ልማር» ቢለው ቤቱን በአንድ እግሩ ያቆመዋል።